ከብርማው ቀለም ስር

በላቸው የግቢዬን በር ሲያንኳኳ፣ በስንጥቁ አጮልቄ ካየሁት በኋላ እጄን መቀርቀሪያው ላይ አድርጌ ትንሽ ቆምኩ። ልክፈትለት ወይስ የለችም ብሎ እንዲሄድ ዝም ልበል እያልኩ ነው። አንድ ሰፈር እየኖርን፣ አንድ ደጀ ሰላም እየተሳለምን፣ አንድ ወፍጮ ቤት እያስፈጨን፣ ከወጣትነታችን ወዲህ አልተነጋገርንም። ለቅሶ ላይ ስንገናኝ እሱ ከድንኳኑ አንድ ጥግ፣ እኔ ከሌላው ጥግ እንቀመጣለን። አሁን ግን ሽበቱን በባርኔጣ ሸፍኖ፣ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት እግሩ ስር አስቀምጦ በሬ ላይ ቆሟል። ሰሞኑን ጉለሌ ውስጥ ሜትር ይዘው የሚዞሩ ሰዎች አሉ፤ መንገድ ይሰፋል፣ ቤት ይነሳል ይባላል። የማላውቀው ሰው ሲያንኳኳ መጀመሪያ የሚመጡብኝ ቤት ለኪዎቹ ናቸው። የማውቀው ሰው ሲያንኳኳ ደግሞ ይብስብኛል።

“ምን ፈልገው ነው?” አልኩት በሩን ገርበብ አድርጌ። አንቱ ያልኩት ለአክብሮት አይደለም፤ ለማራቅ ነው።

“አልሙኒየም ታጸዳለች ሲሉ ሰምቼ ነው” አለኝ።

“የማጸዳው ድስት ነው።”

“ይኼም ያው አልሙኒየም ነው” አለና የከረጢቱን አፍ ፈታው። የሞተር ሳይክል ዕቃ ነበር። የሞተሩ የቀኝና የግራ ክዳን፣ የጎማዎቹ መሐል፣ የካርቡራተሩ ቤት። ገሚሱ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ወጥቶበታል፤ ቅባቱ ከአቧራ ጋር ጋግሮ ጥቁር ቅርፊት ሆኗል። ቤቱ ከሚፈርሱት ውስጥ እንደሆነ፣ ወሩ ሲያልቅ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም እንደሚገባ፣ ከዚያ በፊት ሞተሩን አጽድቶ መገጣጠም እንደሚፈልግ ነገረኝ። ሞተሩን አውቀዋለሁ። ሸራ ለብሶ ቆርቆሮ ስር ሲኖር ስንት ዘመኑ ነው። ታዲያ እስከ ዛሬ ያልታጠበ ሞተር አሁን ለምን? ከተማው ውስጥ ስንት ብረት አጽጂ እያለ ለምን እኔ? ይህን ሁሉ በልቤ እያልኩ፣ አፌ ግን “ያስቀምጡት” አለ። ለምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሙያውን በተመለከተ ግን አልተሳሳተም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ድስትና ሰታቴ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ፣ ማለስለሻ ክፍል ነው። ጡረታ ስወጣ አንድ አሮጌ ዲናሞ ገዝቼ ከጓዳዬ ጀርባ ተከልኩና፣ ጫፉ ላይ የጨርቅ ጎማ አሰርኩለት። ምግብ ቤቶች የጠቆረ ድስታቸውን ይልኩልኛል። ጨርቁን የማመጣው ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ነው፤ ከጋቢና ከነጠላ ጫፍ የሚተርፈው ጥጥ ከምንም ጨርቅ የለሰለሰ ነው። ጎማው ላይ ሰም ቀብቼ ዲናሞውን ሳስነሳ፣ ጥጡም ሰሙም ሲግል አንድ ሽታ ይወጣል፤ ትንሽ የሻማ፣ ትንሽ የተቃጠለ ፀጉር ዓይነት። የበላቸውን ዕቃ ለማጽዳት ላምባ ስቀዳ ደግሞ የላምባው ሽታ ከዚህ ጋር ተቀላቀለና፣ ሳልፈልግ ወደዚያ ዘመን ወሰደኝ።

ያን ጊዜ በላቸው ፊልም አመላላሽ ነበር። የዛሬ ልጆች ይህን ሥራ አያውቁትም። አንድ ፊልም ለሁለት ሲኒማ ቤት ይመጣል። አንደኛው ቤት የመጀመሪያውን ጥቅል አሳይቶ ሲጨርስ፣ በላቸው ክቡን ቆርቆሮ ከሞተሩ ኋላ አስሮ ወደ ሁለተኛው ይበራል፤ እዚያ ያለው ተመልካች መብራት በርቶ ይጠብቀዋል። ሲዘገይ ያፏጫሉ፣ ወንበር ይደበድባሉ፤ ሲደርስ ያጨበጭቡለታል። ጎፈሬው ከነፋስ ጋር የሚታገል፣ ቤል ቦተም ሱሪው ሰንሰለት ውስጥ እንዳይገባ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በልብስ መቆንጠጫ የሚያስር ሰው ነበር። ሞተሩ የጣሊያን ነው። ከዊንጌት ታክሲ ማቆሚያ ወደ እኛ ሰፈር ሲታጠፍ ድምፁ ከሩቅ ይለያል፤ እናቴ እንኳ “ያ ልጅ መጣ” ትል ነበር። ታክሲ በስሙኒ ነበር፤ ሲኒማ የኋላ ወንበር ሃምሳ ሳንቲም። ኦቾሎኒ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ ውጭ አዙሮ ስለ ዓይንና ስለ ሽንጥ የተዘፈነውን ሁሉ ያሰማናል። እኔ ታኮ ጫማ አድርጌ ኮረኮንቹ ላይ እየተንገዳገድኩ ወደ ቤት ስሄድ፣ በላቸው ሞተሩን አጥፍቶ አጠገቤ እየገፋ ይሸኘኝ ነበር። ያ ሁሉ ክዳን እንደ መስታወት ያበራል። እሁድ እሁድ በአመድና በሎሚ ነው የሚያሸው፤ አንዳንዴ እኔም በመሐረቤ እረዳው ነበር። ሽማግሌ ሊልክ ተነጋግረን ጨርሰን ነበር።

ከዚያ ዘፈኑ ቀስ በቀስ ተለወጠ። የዓይኑና የሽንጡ ዘፈን ቀርቶ ድምፅ ማጉያው ሰልፍ ሰልፍ ማለት ጀመረ። ሰዎች ጎረቤታቸውን ከማናገራቸው በፊት ዞር ብለው ማየት ለመዱ። ሰዓት እላፊ ታወጀ። በላቸው ግን ማታ ማታም በሞተር ይሄዳል፤ ለፊልም ሥራ ተብሎ የማለፊያ ወረቀት ተሰጥቶታል። ሌላው ሰው ከጨለመ በኋላ ከበሩ ብቅ ማለት ሲፈራ፣ የሱ ሞተር ድምፅ ሰፈሩን አቋርጦ ሲያልፍ ይሰማል። ወረቀቱን ማን ሰጠው? ምን ብሎ አገኘው? ጥያቄውን ጮክ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ዝም ብለን ነው የጠየቅነው።

ታላቅ ወንድሜ ግርማ ያኔ ተማሪ ነበር፤ ይፈለግ ነበርና ከቤት ከወጣ ሰንብቷል። አንድ ቅዳሜ ልብስ ሊቀይር በጠራራ ፀሐይ መጣ። እናቴ ገላውን አስታጥባው፣ ምሳ አቅርባለት፣ እኔ ሸሚዙን እየተኮስኩለት ሳለ የበላቸው ሞተር ከሰፈራችን በታች ካለው ድልድይ በኩል ሲመጣ ሰማን። በፍጥነት እየመጣ ነበር። ከዚያ ድንገት፣ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ። እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ አዳመጠች። ብዙም ሳይቆይ መኪና መጣ፤ በሩ ተበረገደ፤ ግርማን ባዶ እግሩን ይዘውት ወጡ። ለዓመታት አልተመለሰም።

እናቴ ያን ቀን ስታለቅስ የበላቸውን ስም አልጠራችም። ከዚያም በኋላ አልጠራችም። ግን እሱ በሚያልፍበት በኩል ማለፍ ተወች፤ እኔም የገባኝ ገባኝ። ነገሩ ሁሉ ደግሞ ያንን የሚያጠናክር ሆነ። በላቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰፈር ጠፋ። ብቅ ሲል ፊልም ማመላለሱን ትቶ አንድ የመንግሥት ጋራዥ ውስጥ ተቀጥሮ ነበር፤ እኛ በልባችን ሹመት አልነው። አንድ ቀን በራችንን አንኳኳ። ማን እንደሆነ አውቄ አልከፈትኩም። የእናቴ ታናሽ ወንድም ዘውዴ ያኔ ከእኛ ጋር፣ ከኋላ ባለችው ክፍል ነበር የሚኖረው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤቱን የያዘው እሱ ነው፤ ቀበሌ ውስጥ ስለሚሠራ ስኳርም ዘይትም አያሳጣንም። እኔን ድስት ፋብሪካው ውስጥ ያስቀጠረኝም እሱ ነው። ፋብሪካው ውስጥ አንድ ደግ የሒሳብ ሠራተኛ አገኘሁና አገባሁ፤ ወለድኩ፤ ባሌም በጊዜው አረፈ። ኑሮዬ ክፉ አልነበረም። በላቸውም አግብቶ ወልዶ ሚስቱን ቀብሯል። የሚስቱ ቀብር ላይ ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር።

እንግዲህ የዚህን ሰው ዕቃ ነው በላምባ የዘፈዘፍኩት። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየመጣ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። “ሲያልቅ እጠራዎታለሁ” እለዋለሁ፤ “ቤት ምን እሠራለሁ?” ይለኛል። እጄን ያያል፤ ግቢውን ያያል። አንዱን ብሎን እሰርቀዋለሁ ብሎ ነው የሚጠብቀኝ እላለሁ። ወይም ለቤት ለኪዎቹ ወሬ ሊያቀብል ነው እላለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም የመጸዳጃ ቤቱን ግድግዳ ሲያይ ደርሼበት “ምን ያያሉ?” አልኩት። “አልተለሰነም” አለ። ይህንንም ለብቻዬ ሳመነዥከው ዋልኩ።

ሥራው ግን ያስደስተኝ ነበር፤ አልዋሽም። ቅባቱ በላምባና በጥርስ ብሩሽ ሲለቅ፣ በዱቄት ሳሙና ሲታጠብ፣ ከዚያ ሸካራው የብርጭቆ ወረቀት ውሃ እየነካ ሲሄድበት፣ ቀጥሎ ለስላሳው፣ ቀጥሎ ከሱም የለሰለሰው። መጨረሻ ላይ የጨርቅ ጎማው። አልሙኒየም ነጭ ሆኖ ሲታሽ የሚያወጣው ጥቁር ነው፤ ጨርቁም እጄም ከሰል የነካ ይመስላል። አዲስ የሚቀጠሩ ሴቶች ፋብሪካ ውስጥ ይህን ሲያዩ የሚያበላሹ መስሏቸው ያቆሙ ነበር። መቀጠል ነው፤ ብርሃኑ የሚመጣው ከጥቁሩ በኋላ ነው።

የግራውን ክዳን ጨርሼ የቀኙን ሳነሳ ልዩ ሆነብኝ። ሌላው ዕቃ እንዳለ ሲቀመጥ ይኼ ብቻ ብርማ ቀለም ተቀብቷል። ደህና አልሙኒየም ቀለም አይቀባም፤ የሚደበቅ ነገር ካለ ነው እንጂ። በላቸውን አየሁት። እሱ ደግሞ እኔን ያየኛል። ቀለም ማስለቀቂያውን ቀባሁበት። ቀለሙ ተኮማትሮ ተነሳ፤ ከስሩ ስቱኮ መጣ። ስቱኮውን በቢላ ጫፍ ስፍቀው፣ ከክዳኑ ፊት እስከ ኋላው ጥልቅ ጥልቅ ጭረቶች ወጡ፤ በመሐላቸውም ጠጠር የነከሰው ጉድጓድ። ቆሞ የወደቀ ሞተር እንዲህ አይሆንም፤ አንድ ቦታ ይጎደጉዳል እንጂ። ይኼ እየበረረ ወድቆ፣ በጎኑ ተኝቶ፣ ኮረኮንች ላይ የተንሸራተተ ነው።

“የት ነው የወደቁት?” አልኩት።

“ድልድዩ መታጠፊያ ላይ።”

“መቼ?”

መልስ ከመስጠቱ በፊት ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። “ግርማ የተያዘ ቀን” አለ።

የያዝኩትን ክዳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። በላቸው ድምፁን ሳያነሳ ተረከልኝ። ያን ቀን ፊልም ይዞ ሲያልፍ፣ መኪናው ከዋናው መንገድ ዳር ቆሞ፣ ሰዎቹ አንድ ልጅ አስቁመው በእናቴ ቤት ዛሬ ማን እንደገባ ሲጠይቁ ሰምቷል። ግርማ ቤት መግባቱን አያውቅም፤ ግን ምናልባት ብሎ ፈራ። ፊልሙን እንደያዘ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ወደ እኛ ዞረ። ልድረስ ብሎ ሲበር መታጠፊያው ላይ ጎማው ከዳው። እግሩ ሞተሩ ስር ገባ። እዚያው ወድቆ ሳለ መኪናው በአጠገቡ አለፈ። እግሩ ተሰብሮ ዘመዶቹ ዘንድ ተኛ፤ ሲኒማ ቤቱ፣ ፊልሙ ሳይደርስ ቀርቶ ተመልካች ወንበር ስለሰበረበት፣ ከሥራ አባረረው። ጋራዡ የገባው ሌላ እንጀራ ስላጣ ነው።

“ለምን ቀለም ቀባኸው ታዲያ?” አልኩት። አንቱ ማለቱን የተውኩት ሳላስበው ነው።

“ባየሁት ቁጥር የእናትሽ ለቅሶ ይሰማኝ ነበር። መታጠፊያው ላይ ሆኜ ሰምቻታለሁ።”

ደህና አድርጎ ተርኮታል፤ በጣም ደህና አድርጎ። ያሰብኩት ይህንን ነው። ጭረት ቀን አይጽፍም። የዚያን ሳምንትም፣ የሌላ ዓመትም ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ፣ ሰፈር ሊለቅ ሲል፣ ማስረጃውን በከረጢት ይዞ ከመጣ ሐሳብ አለው ማለት ነው። “ለዛሬ ይብቃኝ፣ እጄ ደክሟል” አልኩት። ተነስቶ ሄደ፤ ትንሽ ያነክሳል። ማነከሱን ከድሮም አይቼዋለሁ፤ ከምን እንደመጣ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ናዝሬት ለሚኖረው ለግርማ ደወልኩ። ግርማ ከእስር ሲወጣ እኔ አግብቼ ልጅ ይዤ ነበር። ስለ እስሩ ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ እሱም ተናግሮ አያውቅም። እናታችን ከሞተች በኋላ እንኳ አላነሳነውም።

“ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው፤ እንዳትቆጣኝ” አልኩት። “ያን ቀን ማን እንደጠቆመብህ ታውቃለህ?”

የከፈተውን ሬዲዮ ሲዘጋ ሰማሁት።

“አውቃለሁ” አለ። “መኪናው ውስጥ ነበር። ፊቱን በነጠላ ሸፍነውታል። ጫማውን ግን አውቀዋለሁ። ዘውዴ ነው።”

“የትኛው ዘውዴ?”

“ስንት ዘውዴ አለን? አጎታችን ነዋ። እሱንም ይዘውት ነበር መሰለኝ፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ይቅር ብዬዋለሁ። ለእማዬ ብነግራት ወንድሟን ታጣለች፤ እናንተም የሚያበላችሁን ታጣላችሁ። ዝም አልኩ።”

“እኛ እኮ በላቸው ነው ብለን ነው” አልኩት።

“በላቸው? የትኛው በላቸው?”

“ባለ ሞተሩ።”

“በላቸው ምን አደረገ?” አለ ግርማ፤ ድምፁ ውስጥ ያለው ግራ መጋባት እውነተኛ ነበር። “አንቺ እንኳ ልታገቢው አልነበር? ስወጣ ሌላ አግብተሽ ሳገኝሽ ተጣልታችሁ መስሎኝ ነው። ማን ነገራችሁ በላቸው ነው ብሎ?”

ማንም አልነገረንም። ይህን ስመልስለት ነው የሰማሁት፤ ማንም አልነገረንም። እናቴ ለእኔ፣ እኔ ለእናቴ፣ ሁለታችን ለግርማ አንዲት ቃል አልተነፈስንም። እውነቱን የሚያውቅ ሰው ከእኛ ጋር አንድ ገበታ እየቀረበ፣ የምንጠረጥረው ሰው ከመንገዱ ማዶ እየኖረ፣ ነገሩ እንዲያ ሆኖ አለፈ። ዘውዴ ደግሞ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እናቴ በላቸውን ስትሸሽ ያይ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ለምን አላላትም።

በላቸው ከሰዓት በኋላ ሲመጣ የቀኙን ክዳን እያሸሁ ነበር። ጭረቱን ሙሉ በሙሉ ላጥፋው ብል ብረቱ ይሳሳል፤ ስለዚህ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ አለሳልሼ ትቼዋለሁ። ዲናሞውን አጠፋሁና ግርማ ያለኝን ሁሉ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

“ዘውዴ” አለ በመጨረሻ። “የሱን ለቅሶ ድንኳን የተከልኩት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ። አንተ ያቀረብክላትን ወንበር ትታ እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች።”

“አይቻታለሁ።”

“ለምን አልተናገርክም?”

“በምርኩዝ መጥቼ አንኳኳሁ። አልከፈትሽም።” የክዳኑን ጭረት በጣቱ ነካ። “እኔም ጠርጥሬሽ ነበር እኮ።”

“እኔን? በምን?”

“እግሬ ተሰበረ፤ ሥራዬን አጣሁ። አንቺ ወዲያው ፋብሪካ ገባሽ፤ ቀጥሎ የፋብሪካውን ሰው አገባሽ። ነገሩ ሁሉ ልክ መጣልኝ። ሌላ ስላገኘች ነው በሩን ያልከፈተችው አልኩ። ሚስቴን ሳገባ እንኳ ይኼ ነገር ከልቤ አልወጣም ነበር።”

እንጦጦ ላይ ደመና ወርዷል፤ ዝናብ ሊመጣ ነው። ተነስቼ የጸዱትን ዕቃዎች አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቀለልኩና ከረጢቱ ውስጥ ከተትኩ። እሱም እያቀበለኝ ረዳኝ። እጆቹ ጥቁር ሆኑ፤ ሱሪው ላይ ጠረጋቸው፤ በዚህ ዕድሜው ሱሪ ላይ መጥረግ።

“እና አሁን አመንሽኝ?” አለኝ በሩ ጋ ስንደርስ።

“ያመንኩት ወንድሜን ነው” አልኩት። “አንተን ገና አያለሁ።”

“ወሩ ሲያልቅ እሄዳለሁ እኮ። ቦታው ሩቅ ነው፤ በሁለት ታክሲ ነው የሚኬደው።”

“የሚጸዳ ዕቃ ካለህ ይዘህ ና።”

“ሞተሩ አልቋል፤ ሌላ ምን ዕቃ አለኝ?”

“ድስት የለህም?”

ቀና ብሎ አየኝ። ከረጢቱን ተሸክሞ ወረደ።

ኮንዶሚኒየሙ ከገባ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ሁለቱን ታክሲ ተሳፍሮ መጣ። ፌስታል ውስጥ ድስት ይዟል። ተቀበልኩትና እንደ ልማዴ ገልብጬ አየሁት፤ ክዳኑንም አንስቼ አየሁት። እሳት የነካው ድስት አይደለም። ከሱቅ የወጣ፣ የሚያንጸባርቅ አዲስ ድስት ነው፤ የዋጋው ወረቀት እንኳ በደንብ አልተላጠም። በርጩማውን አቀረብኩለትና ዲናሞውን አስነሳሁ።